በአመዳይ ማለዳ የአውሬ ዱካ ማንበብ፦ ለወሎ ደጋ

ወሎ ደጋ ላደገ ሰው አመዳይ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ ሣሩ ላይ የወረደው ጤዛ እዚያው ይረጋና ጠዋት ስትወጡ መስኩ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ፈረንጆች የአውሬ ዱካ ማንበብ የሚማሩት በክረምት በረዶ ላይ ነው። የእነሱ ክረምት ነጭ ነው፣ የእኛ ክረምት ጭቃ፤ ለእኛ የዚያን በረዶ ሥራ የሚሠራልን የበጋው አመዳይ ነው። በአንድ ነገር እንዲያውም ይበልጣል። በረዶ ቀናት ቆይቶ የትናንቱን ዱካ ከዛሬው ያደባልቃል። አመዳይ ግን ሌሊት ይረገጣል፣ ረፋድ ላይ ይጠፋል፣ በማግስቱ አዲስ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ያደግሁት ለጋምቦ፣ ከአቀስታ ወጣ ብሎ ነው። አሁን ደሴ ብኖርም በግ ያላቸው ዘመዶች አሉኝና በየበጋው እወጣለሁ። ዱካ ያስተማረኝ አጎቴ ነው፤ እሱ ማስተማሩን ሳያውቅ፣ እኔም መማሬን ሳላውቅ። ይህን መመሪያ የምጽፈው በአንድ ነገር ስለምናደድ ነው። በግ በጠፋ ቁጥር ተጠያቂው ቀይ ቀበሮ ይሆናል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ 500 የማይሞላ አውሬ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ያሳደገው ውሻ በሠራው ይከሰሳል። ምስክሩ ሜዳው ላይ ተጽፎ ያድራል፤ የሚያነበው ሳይመጣ ግን ከብት ይረግጠዋል።

1. ሌሊቱን መምረጥ

አመዳይ በየቀኑ አይጥልም። ማታ ሰማዩን እዩ። ደመና ካለ ምድሩ ባና እንደተከናነበ ሰው ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ ጠዋት እርጥብ ሣር እንጂ ነጭ ነገር አታገኙም። ኮከቡ ከጠራና ነፋስ ከሌለ ግን ተዘጋጁ።

ቀጥሎ ቦታ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ተዳፋቱ ላይ ምንም ሳይኖር ከታች ያለው መስክ ነጭ ሆኖ የሚያድረው ለዚህ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን አገር ራሱን «ውርጭ» የምንለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የአምባ ፈሪት ግርጌ፣ የጉጉፍቱ ሜዳ፣ የደላንታ ራስጌ፣ ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ጓሳ፣ ሁሉም ይሆናሉ። ቆላ ያላችሁ፣ ቆቦና መርሳ ዙሪያ፣ አመዳይ አትጠብቁ። ለእናንተ የወንዝ ዳር ደለልና የመንገድ ብናኝ ይሠራላችኋል፤ ከታች የምለው የጣትና የጥፍር ነገር ለዚያም ያው ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት። ከዚያ በፊት ዓይን አይሠራም፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ትልሰዋለች። ከብት ከወጣ በኋላማ አትድከሙ። ሃያ በግ ባለፈበት መስክ ላይ የቀበሮ ዱካ መፈለግ በሬ የዞረበት አውድማ ላይ የጉንዳን መንገድ እንደመፈለግ ነው።

2. በራስ እግር መጀመር

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን እሱ ነው። ዱካ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የምን ነው?» ብሎ ነው። አጎቴ የሚጠይቀው «የመቼ ነው?» ብሎ ነበር። ትናንት ከሰዓት ያለፈ ጅብ የዛሬዋን በግ አልበላም፤ ሰዓቱ ካልገጠመ ማንነቱን ማወቅ ምንም አይረባም።

ሰዓት ማንበብ የምትማሩት እንዲህ ነው። ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከበረቱ ኋላ ባለው ሣር ላይ እግራችሁን አንዴ አሳርፉ። ሌሊት ለሽንት ስትወጡ ከአጠገቡ ሁለተኛ። ጎህ ሲቀድ ሦስተኛ። በየአጠገባቸው ድንጋይ አኑሩ። ብርሃን ሲሆን ቁጢጥ ብላችሁ ሦስቱን አስተያዩ።

የማታው ሣሩ ተኝቷል፤ ነጭነቱ ግን ከዙሪያው አይለይም። እግራችሁ ካለፈ በኋላ ነው አመዳዩ የጣለው፣ ስለዚህ ጉድጓዱንም እንደ ሌላው ሸፍኖታል። የሌሊቱ ውስጡ ስስ ነው፤ ዙሪያው እንደ ስኳር ሲወፍር መሐሉ እንደ ትንፋሽ ብቻ ነጣ ያለ ይሆናል። የንጋቱ ጭራሽ ነጭ የለበትም፦ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ሣሩ የተሰበረ፣ ጠርዙ ላይ የተገፋ አመዳይ እንደ ጨው የተከመረበት። ጣታችሁን ጠርዙ ላይ ብታስጠጉ ፍርፋሪው ይወድቃል። ሦስት ጠዋት ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ የማንኛውንም አውሬ ሰዓት በግምት መናገር አያቅተውም።

የምትረግጡበት ጫማ ሶል የሚተወውንም ቅርጽ ልብ በሉ። በረባሶ የጎማውን ጥርስ ይተዋል፣ ኮንጎ ጫማ ደግሞ የራሱ ቅርጽ አለው። የራሱን ዱካ የማያውቅ ሰው ዞሮ ዞሮ ራሱን ይከተላል፤ ያጋጠመው ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን ግን አልናገርም፣ ወንድሜ ነው።

ጠዋቱ ካመለጣችሁ ሁሉ ነገር አልጠፋም። አመዳይ እያለበት የተረገጠ ሣር ውስጡ ተሰብሮ ነውና በሁለት ሦስት ቀን ይጠወልጋል። መስኩ ላይ ከአንድ ወገን ወደ ሌላ የተሰመረ ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ አንድ ነገር በማለዳ አቋርጧል ማለት ነው።

ምንጭ አካባቢ፣ እርጥብ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ውርጭ አለ። እንደ መርፌ ቀጥ ብለው የቆሙ የበረዶ ክሮች የአፈሩን ቅርፊት ወደ ላይ ያነሱታል፤ ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል። እዚያ ላይ ያረፈ መዳፍ ጣቱም ጥፍሩም እንደ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ግን እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። ክሮቹ ሲቀልጡ ሁሉም ሊጥ ይሆናል።

3. አቋቋም

ዱካውን በእናንተና በፀሐይዋ መካከል አድርጉት። ገና ዝቅ ያለችው ፀሐይ ከወዲያ በኩል ስትመታው የጠርዙ ጥላ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቅና ቅርጹ ይወጣል። ፀሐይን ከኋላ አድርጎ የሚፈልግ ሰው ዱካው ላይ ቆሞ «ምንም የለም» ይላል። ካልታያችሁ ዝቅ በሉ፤ ጉንጫችሁ ሣሩን እስኪነካ።

ከዱካው ጎን ሂዱ እንጂ ላዩ ላይ አትርገጡ። ሰው ይዛችሁ ከሆነ ከኋላችሁ ይሁን።

ዱላ የማይዝ የደጋ ሰው የለምና ዱላውን ተጠቀሙበት። ከአንድ ዱካ እስከሚቀጥለው የዚያው ወገን ዱካ ያለውን ርቀት ዱላው ላይ ለኩና ክር እሰሩበት። ዱካው ድንጋያማ ቦታ ላይ ሲጠፋ የዱላውን ጫፍ መጨረሻ ባያችሁት ላይ አድርጋችሁ ክሩን ከፊት እንደ ቅስት አዙሩት። ቀጣዩ እርምጃ እዚያ ቅስት ላይ ወይም አጠገቡ መሆን አለበት። ዓይን ሜዳ ሙሉ ከሚንከራተት አንድ ስንዝር ቦታ ላይ ቢያተኩር ይሻላል።

4. ጣት መቁጠር፣ ጥፍር መፈለግ

መጀመሪያ ሰኮና ነው ወይስ መዳፍ? ሰኮና ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። የበግ ኮቴ ጫፉ ደንዘዝ ያለ ነው። የሚዳቋ ከክብሪት ሳጥን ያነሰ፣ ጫፉ የሾለ ልብ ይመስላል። የድኩላ ተለቅ ብሎ ከፍየል ጋር ይምታታል፤ ግን ፍየል በመንጋ ይሄዳል፣ ድኩላ ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ከጫካ ጥግ ብዙ አይርቅም። ሰስ በሰኮናው ጫፍ ስለሚቆም የሚተወው ሁለት ሞላላ ነጥብ ብቻ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ካልሆነ አትፈልጉት።

መዳፍ ሲሆን ነው ሥራው የሚጀምረው። ሦስት ነገር በቅደም ተከተል እዩ፦ ስንት ጣት፣ ጥፍር አለ ወይስ የለም፣ ከጣቶቹ ኋላ ያለው መሐል መዳፍ ምን ይመስላል።

አራት ጣት ያለ ጥፍር ከሆነ የድመት ወገን ነው። ድመት ስትራመድ ጥፍሯን ትሰበስባለች፤ ነብርም ያው ነው። የነብር ዱካ ክብ ነው፣ አንድ ጋት ቢሞላ እንጂ ብዙ አይበልጥም፤ መሐል መዳፉ ግን ለመጠኑ ትልቅ ሲሆን የኋላ ጠርዙ ሦስት ጉብታ አለው። አነር ተመሳሳይ ነው፣ ግን ግማሽ ያህል፤ ክብሪት ሳጥን ብታስቀምጡበት ይሸፍነዋል። ከዚያ ካነሰ የዱር ድመት ወይም የቤታችሁ ድመት ነው፤ እሱን መለየት ለእኔም ያቅተኛል።

አራት ጣት ከነጥፍሩ ከሆነ የውሻ ወገን ወይም ጅብ። ጅብ በአካሉ ይታወቃል፦ የፊቱ ከባድ፣ የኋላው ቀላል ነው። ስለዚህ የፊት ዱካው ትልቅና ጠለቅ ያለ፣ የኋላው ከሱ ያነሰ ይሆናል። የፊቱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ጥፍሩ ደንዛዛ ነው፤ ጣቶቹ ወፍራምና የተጣበቁ፣ መሐል መዳፉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ቀይ ቀበሮ፣ ተራ ቀበሮ ወይስ ውሻ? ቅርጹን ብቻ አይቶ የሚምል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ቀይ ቀበሮ ከ11 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን፣ እግረ ረጅም አውሬ ስለሆነ ዱካው ከመካከለኛ ውሻ ጋር ይቀራረባል። ተራው ቀበሮ ከሱ ያንሳል። ግን ጥቂት የሚረዳ ነገር አለ። የሁለቱም ቀበሮዎች ዱካ ጠበብ ያለና ሞላላ ነው፤ ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ወደ ፊት ወጣ ይላሉ፣ ጥፍሮቹም ቀጭንና ወደ ፊት የሚያዩ ናቸው። የቤት ውሻ ጣቶች የተበተኑ ናቸው፤ የጎን ጣቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ጥፍሩ ያለቀና ወፍራም ይሆናል። ሁለት የሣር ዘንግ ወስዳችሁ በጣቶቹና በመሐል መዳፉ መካከል የመስቀለኛ ምልክት ሥሩ። ምንም ሳትነኩ ካለፈ የውሻ ወገን ነው፤ በነብር ላይ ግን አያልፍም፣ መዳፉ ይከለክላችኋል።

አምስት ጣት የሚያሳዩ አሉ። ጃርት ከኋላው አምስት ጣትና ሙሉ ተረከዝ ትቶ ይሄዳል፤ ትንሽ ሕፃን በባዶ እግሩ ያለፈ ይመስላል፤ ከጎኑ እሾኹ ሲጎተት የተወው ጭረት ካለ ተረጋግጧል። ድንች ያላችሁ ገበሬዎች ያለ እኔም ታውቁታላችሁ። ጥርኝም አምስት ጣት አለው፣ ግን ዱካው ላይ ብዙ ጊዜ አራቱ ብቻ ናቸው የሚወጡት፤ ደግሞም ዛፍና ቁጥቋጦ ወዳለበት ዝቅ ብሎ እንጂ አመዳይ ሜዳ ላይ ብዙ አይገኝም።

የጭላዳ እጅ አመዳይ ላይ አትፈልጉ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ካልሞቀው ወደ ሜዳው አይወጣም። እሱ ሲመጣ አመዳዩ ሄዷል። ምልክቱ ሌላ ነው፦ በጣት የተቆፈረ ሣር፣ የተነጨ ሥር፣ ቁጭ እያለ የተንፏቀቀበት የተኛ መስክ።

5. አረማመዱን ማንበብ

ከአንድ ዱካ ይልቅ ሃያ ዱካ ይናገራል። ቆም በሉና የዱካውን መስመር ከሩቅ እዩት። አውሬ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ቁርስ የሚሰጠው የለም። ቀበሮ ከሥራ ወደ ሥራ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የኋላ እግሩንም የፊቱ በረገጠበት ላይ ያሳርፋል፤ ስለዚህ አራት እግር ያለው አውሬ በሁለት እግር የሄደ ይመስላል፣ ዱካው በክር እንደተሰፋ ይደረደራል። የቤት ውሻ ግን በልቶ አድሯል። ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል፣ ድንጋይ ያሸታል፣ ተመልሶ ይዞራል፣ የኋላ እግሩ ከፊቱ ጎን ይወድቃል።

ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥ ነው፤ ያውም ብቻውን፣ ያውም በቀን። አይጥ ወዳለበት ሜዳ ሲደርስ ቀጥታው ያበቃል። እርምጃው ያጥራል፣ አንድ ቦታ ላይ አራቱም እግር ተጠጋግቶ ይቆማል፣ ከዚያ አንድ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ የፊት እግሮች ጠልቀው ያረፉበት። ዘሏል ማለት ነው። እዚያው አጠገብ የተቆፈረ የአይጥ ጉድጓድ ካለና አፈሩ አመዳዩ ላይ ከተረጨ፣ ከንጋት በኋላ የሠራው ነው። መንዝ ጓሳ ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አግኝቷል፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሞከረው 67 ከመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ከመቶ። ስለዚህ ረፋድ ላይ ጭላዳ የዋለበት መስክ ላይ የቀበሮ ቁፋሮ ብታገኙ አትደነቁ።

ጥንቸል ሰውን ታሳስታለች። ስትዘል የኋላ እግሮቿ ከፊቶቹ አልፈው ያርፋሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ትልልቆቹ ያሉበት አቅጣጫ ነው የሄደችበት። ብዙ ሰው በግልባጩ ይከተላትና የመጣችበት ቁጥቋጦ ይደርሳል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የበልግ ዝናብ ወቅት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጥሎ ሜዳው አንድ ጋት ነጣ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ካባራ በኋላ ከቤታችን በላይ ከመዳፌ የሚበልጥ ክብ ዱካ አገኘሁ፤ ጥፍር የለም። ሮጬ «ነብር!» አልሁ። መንደሩ ሦስት ቀን ፍየሉን አላወጣም። አጎቴ አላመነም፤ በማግስቱ ወሰደኝና ጥላ ውስጥ ያልቀለጠች አንዲት ዱካ አሳየኝ። የእኛው ውሻ ነበር። የበረዶ ዱካ ሲቀልጥ ከጠርዙ ይሰፋል፣ ይከብባል፣ ጥፍሩ ይጠፋል። የፈረንጅ አገር በረዶም በፀሐይ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ፀሐይ ከመታው ዱካ መጠን አትውሰዱ፤ ከድንጋይ ወይም ከጅብራ ጥላ ሥር ያለውን ፈልጉ። የነብር ዜና ግን ከእኔ በፊት አቀስታ ገበያ ደርሶ ነበር።

6. እግር ያልነካው ምልክት

ኩስ ብዙ ይናገራል፤ በእጅ ግን አትንኩት። የውሻ ወገን ኩስ ውስጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ የትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። በእንጨት ገልብጡት፣ እንጨቱንም እዚያው ጣሉት። የጅብ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ አጥንት ስለሚፈጭ ነው። የቀይ ቀበሮ ውስጥ የአይጥ ፀጉርና ጥቃቅን አጥንት ይታያል። የተራው ቀበሮ የተደባለቀ ነው፦ የሣር ፍሬ፣ ጥንዚዛ፣ አንዳንዴ የበግ ጠጉር። ያም ቢሆን የበግ ጠጉር ማለት በግ ገደለ ማለት አይደለም፤ የሞተ በግ ገደል ሲጣል የሚበላው ሁሉ ጠጉር ይኖርበታል።

ሽኮኮ ያለበት ቋጥኝ ከሩቅ ይታወቃል፤ ሽንቱ ዓለቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ፍልፈል የአፈር ቁልል ይተዋል፤ ቁልሉ ላይ አመዳይ ከሌለና አፈሩ ጥቁር ከሆነ ሌሊት ሲሠራ አድሯል። የቆቅ መንገድ ሦስት ጣት እየሳለ ገብሱ ዳር ይጠፋል።

7. በግ ሲጎድል

ጠዋት በግ ሞቶ ወይም ጎድሎ ከተገኘ የመጀመሪያው ሥራ ሰው ማራቅ ነው። ጩኸት ሲሰማ መንደር ይሰበሰባል፣ ዱካውን ይረግጠዋል፣ ከዚያ ይመክራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይቅረብ፣ የቀረው ይቁም።

ቀጥሎ በድኑን እዩ። ነብር ጉሮሮ ይይዛል፤ አንገቱ ላይ የጥርስ ቀዳዳ ይገኛል፣ ሥጋውንም ጎትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይከታል፤ የጎተተበት መስመር አመዳዩን ጠርጎት ይታያል። ጅብ አጥንቱንም ይበላል፤ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ደምና ፈርስ ብቻ ነው። ተራው ቀበሮ ግልገል ላይ ይበረታል፣ ከሆድ በኩል ይጀምራል። ውሻ ብዙ ቦታ ይነክሳል፣ ብዙ በግ ያቆስላል፣ ብዙም አይበላም። ጨዋታ ነው ለእሱ።

አንድ ታኅሣሥ የአክስቴ ግልገል ከበረቱ ጀርባ ሞታ ተገኘች። አክስቴ ጋቢዋን ወገቧ ላይ አስራ «ያ ቀይ ጠላት ልጄን በላብኝ!» ትላለች። ሁለት ጎረምሶች ዱላ ይዘው ወደ ጓሳው ሊሮጡ ተነሱ። አጎቴ እጁን ዘርግቶ፣ «እታለም፣ ቆይ እስቲ። ልጆች፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አለ። ቁጢጥ ብሎ ዞረ። ግልገሏ እግሯም ጀርባዋም ጆሮዋም ተነክሷል፤ ሥጋዋ አልተነካም። ዙሪያዋ ያለው ሣር ጥቁር አረንጓዴ፣ ፍርፋሪው ገና ትኩስ። የንጋት ሥራ ነው። ዱካው የሁለት ነው፣ ጣቶቹ የተበተኑ፣ አንዱ ደግሞ የግራ የኋላ እግሩን ሙሉ አያሳርፍም። ጠማማ መንገድ ይዞ ምንጩ ጋ ይደርሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ ወደ አንድ ግቢ ቀጥ ብሎ ይገባል። ሰው ሁሉ ግቢውን አየ፣ ማንም አልተናገረም።

አጎቴ እዚያ ደጅ ቆሞ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለ። ባለቤቱ ሲወጣ ስለ ግልገሏ አላነሳም። «ወንድሜ፣ ያ የሚያነክሰው ውሻህ ማታ ታስሮ ነበር?» ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው ወደ ውሻው ዞሮ አየ፣ መሬት አየ፣ «እንግባ፣ ቡና አለ» አለ። ግልገል በግልገል ተተካ፤ ውሻውም ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ታሰረ።

ውሻ ማሰርና ማስከተብ ለቀይ ቀበሮም ትልቅ ነገር ነው። በብዛት የሚጨርሱት ከውሻ የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። ሰውን የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ ወይም ሞቶ የተገኘ ቀበሮ ካያችሁ አትንኩት። ውሻችሁንም አታስጠጉ፤ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ የእንስሳት ሐኪም ወይም፣ ፓርክ አጠገብ ከሆናችሁ፣ ለስካውቱ፣ ማለትም ለፓርኩ ጠባቂ፣ ተናገሩ።

8. የት ላይ መቆም እንዳለባችሁ

የአመዳዩ ወቅትና የቀይ ቀበሮ መውለጃ አንድ ነው፤ ግልገሎቹ የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ዱካ ወደ አንድ ጉድጓድ የሚገባ የሚወጣ ከሆነ፣ በመካከሉም የትንንሽ መዳፍ ምልክት ካለ፣ እዚያው ቁሙና ተመለሱ። ሰው ያንዣበበባት እናት ግልገሎቿን ተሸክማ በዚያ ብርድ ትሰደዳለች። ጉድጓዱ ውስጥ የሚተነፍስ መኖሩን ለማወቅ መቅረብም አያስፈልግም። ከውስጥ የሚወጣው ሞቃት ትንፋሽ አፉ ላይ ያለውን ሣር ያረጥበዋል፤ ከባድ ብርድ በሆነ ቀን ደግሞ እንደ ጺም አመዳይ ያወጣበታል።

ነብር ላይ የምለው አጭር ነው፦ ዱካው ትኩስ ከሆነ ወደ መጣበት ተከተሉት እንጂ ወደ ሄደበት አይደለም።

9. መያዝ

ስልክ ካላችሁ ፎቶ አንሡ፤ ግን ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ ከጎኑም ክብሪት ሳጥን አድርጋችሁ። ክብሪት የሌለበት የዱካ ፎቶ የውሻም የነብርም ይሆናል። ሁለተኛ ፎቶ ከሩቅ፣ መስመሩ እንዲታይ። ደብተር ላይ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ቀን፣ ቦታ፣ አመዳዩ ከውስጥ ምን ይመስል ነበር፣ ወዴት ሄደ። ማንነቱን መጨረሻ ላይ ጻፉት፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «የውሻ ወገን» ብላችሁ ተዉት። ቦረና ሳይንት ወይም አቡነ ዮሴፍ አካባቢ ከሆናችሁ ለስካውቶቹ አሳዩ፤ የቱ መንጋ የት እንደሚውል ከእኔም ከእናንተም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ቶሎ ጨርሱ። 3 ሰዓት ሲሆን እረኛው በረቱን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ የምታነቡት የላም ነው።